ገመዱ ሥር

ከብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ ከሌሊት ፈረቃ፣
ጆሮዬ ማሽን ሞልቶት፣ ዐይኔ በቅጡ ሳይነቃ፣
ውርጭ ያነጣውን የደብረ ብርሃን ሣር እየሰበርኩ መጣሁ፣
የድሮውን የሱፍ መጋዘን በር በትከሻዬ ገፍቼ ገባሁ።

ጋሽ ላቀው እዚያ ነው፤ ካፖርቱ አይወልቅም፣ ቢሞቅም ቢበርድ፣
አፍንጫው የዞረ፣ እንደ ጣርማ በር መንገድ።
ደህና አደርክ አይልም። አንድ ቃል ነው ያለው፦
«ገመዱ ሥር ሂድ።» ሌላው ትርፍ ነው።

ገመዱ ከምሰሶ ምሰሶ ተወጥሮ፣
ከአገጬ ዝቅ ብሎ፣ በጠፍር ታስሮ፣
በግራ ገብቶ በቀኝ፣ በቀኝ ገብቶ በግራ፣
አንድ እጅ ወጥቶ እስኪመለስ አንዱ ዘብ በተራ።
«ጉልበትህ ይታጠፍ፣ ወገብህ አይጉበጥ፤
ምን ጠፍቶብህ ነው መሬት ላይ የምታፈጥ?»

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። የድንጋይ ቤታችን በር
ለአጭር ሰው፣ ለብርድ ታስቦ የተሠራ ነበር።
በአንድ ክረምት ቁመቴ ከጉበኑ በልጦ፣
ስገባ ስወጣ ግንባሬ ተላጦ፣
አጎቴ ወንድይፍራው ቅቤ እየቀባኝ፣ እየሳቀ ሲል፦
«ቤቱ አያድግልህም፤ አንተው ዝቅ በል።»
ያን በር ነው ጋሽ ላቀው በገመድ የሠራው፤
መንዝን ሳይረግጥ፣ ጉበኑን ማን ነገረው?

ገላ ግን ይማራል። እምቢ ያለው ዐይን ነው።
ትከሻ ሲነቃነቅ፣ ቡጢውን ገና ሳይለቀው፣
የዐይኔ ቆብ ዱብ፣ እንደ ሱቅ መዝጊያ፤
ከዚያ በጨለማ ፊቴ የቡጢ ማረፊያ።

ካልሲ ውስጥ የሱፍ ቁራጭ ጠቅጥቆ፣
ከጣራው አንጠለጠላት፣ በሲባጎ አርቆ።
«ትምጣ፤ ትንካህ። ዐይንህ ግን አይዘጋ።»
ሠላሳ ጊዜ መጣች፤ ሠላሳ ጊዜ ጨለመ፣ እስኪነጋ።

ዘውድነሽ ከማበጠሪያው ማዶ ጉንጬን አይታ፣ «ምን ነካህ?
ሌላው ተደብድቦ ካሳ ይበላል፤ አንተ ከፍለህ ትደበደባለህ!»

አንድ ማክሰኞ ግን
አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ስትመጣ አየኋት፤
ተረከዟ ላይ ቀዳዳ ነበራት፣
ነጭ ሱፍ ብቅ ያለባት።
ለዘውድነሽ ምን ልበላት? ሁለት መቶ ብር በወር
የካልሲ ቀዳዳ ለማየት ነበር?

ቅዳሜ፣ ስፓሪንግ፤ ከባለጋሪው ከማንያዘዋል ጋር፣
ግራው እንደ ልጓም፣ ቀኙ እንደ አለንጋ ሲሰነዘር።
በመጀመሪያው ዙር ብረት ብረት አለኝ ምራቄ፤
ጓንቱ ላይ ደም አየሁ፤ የማን ነው አልኩ፣ ሞኝ ጥያቄ።
ጋሽ ላቀው ከጥግ፦ «እጅህ የት ሄደ? ወደ ቤቱ መልሰው!
ወጥቶ የሚያመሽ እጅ፣ ቤቱን ሌባ ነው የሚወርሰው።»

ሁለተኛው ዙር። ትከሻው ተነቃነቀ።
የዐይኔ ቆብ እንደ ልማዱ ሊወድቅ ቃጣ፤ አልወደቀ።
ቀኙ ሲመጣ፣ የጓንቱ የተተረተረ ስፌት ሳይቀር ታየኝ፤
ጉልበቴ ታጠፈ፤ የአጎቴ ጉበን በላዬ አለፈኝ፣
ነፋሱ ጆሮዬን ዳሰሰኝ።
ብቅ ስል አየሁት፦
ማንያዘዋል ሲመታ ዐይኑን ይጨፍናል።
ለካ ያን ሁሉ ቅዳሜ
ሁለት ዕውሮች ነበርን፣ በአንድ ጨለማ የምንፈላለግ።

ጎኑ ክፍት ነበር። «አሁን!» አለ ጋሽ ላቀው።
እኔ ግን ማየቱን ገና አልጠገብኩት፤ ቆሜ ሳየው፣
የሚጸልይ የሚመስል ፊቱን፣ ቅንድቡ ላይ የቆመውን ላብ፣
በግራው ደገመኝ።

ቂጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ጋሽ ላቀው ሳቀ፤ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤
ከላይ ሁለት ጥርስ የለውም።
«መታህ?»
«መታኝ።»
«አየኸው?»
«አየሁት።»
ጎንበስ ብሎ ደሜን በካፖርቱ እጅጌ ጠረገልኝ፤
«በል እንግዲህ፣ ገመዱ ሥር ሂድ» አለኝ።